ዕቃው የረከሰበት ምክንያት

በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ዳርቻ፣ የባቡር ሐዲድና የጭነት መኪና ማቆሚያ በሚበዛበት፣ ኪራዩም ከመሀል ከተማው በሚቀልበት ሰፈር፣ ከውጭ ሲያዩት መጋዘን እንጂ ሱቅ የማይመስል፣ ጌጥ የሌለው ሰፊ ቤት ይገኛል። ወደ ውስጡ የገባ ሰው በአንድ ወገን ገና ከካርቶኑ ያልወጣ የወለል ሴራሚክ ተከምሮ፣ በሌላው ወገን የማን ማዕድ ቤት እንደ ነበረ የማይታወቅ ካቢኔት ሙሉውን ከነማጠፊያው ተደርድሮ፣ በመካከሉም በሮች በመጻሕፍት ቤት እንዳሉ መጻሕፍት ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ሲያይ፣ የዋጋውንም ወረቀት አንብቦ በታወቀው ትልቅ መደብር ከሚጠየቀው ግማሽ ወይም ሲሶ ሆኖ ሲያገኘው፣ በመጀመሪያ ደስታ፣ ጥቂት ቆይቶም ጥርጣሬ ያድርበታል። ደስታውም ጥርጣሬውም የሚገባ ነው፤ ዕቃ ያለ ምክንያት አይረክስምና። ይህ የማጣሪያ መደብር የሚባለው ነው፤ ቤቱን በመጠነኛ ወጪ ለማደስ ለሚሻ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ረዳት በቀላሉ አይገኝም፤ ሆኖም የሚጠቀምበት ምክንያቱን መርምሮ የሚገዛ እንጂ ዋጋውን ብቻ አይቶ የሚሸምት አይደለም።

ነገሩ የባዕድ አገር ቢሆንም ለእኛ ሰዎች ሩቅ አይደለም። በዋሺንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድ በኩል በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቨርጂኒያ በኩል በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ብዙ ዘመን በኪራይ ኖረው ቤት ለመግዛት ሲበቁ፣ አቅማቸው የሚፈቅድላቸው ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ኻያና ሠላሳ ዓመታት የተሠራ፣ ግንቡ የጸና፣ ማዕድ ቤቱና መታጠቢያ ክፍሉ ግን ዘመን ያለፈበት ቤት ነው። የቅድሚያ ክፍያው ቁጠባቸውን ጨርሶት ሳለ ተቋራጩ መጥቶ የማዕድ ቤቱን ብቻ ለማደስ የሚጠራው ዋጋ አንድ መኪና የሚገዛ ሆኖ ሲያገኙት፣ ከገንዘቡ ብዛት የተነሣ ነገሩን ለከርሞ ያስተላልፉታል፤ ከርሞም ሲደርስ ለሌላ ከርሞ። ከዚህ ዋጋ ከፍ ያለውን ድርሻ የሚይዙት የእጅ ሥራውና ካቢኔቱ፣ ወለሉ፣ ሴራሚኩ፣ የዕቃ ማጠቢያው፣ በሩ ናቸው፤ በእጅ ሥራው ላይ ብዙ መቀነስ አይቻልም፤ ደግሞም አይገባም፤ በዕቃው ላይ ግን ይቻላል።

የማጣሪያ ንግድ ሥርዐት ከያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኤድዋርድ ፋይሊን የተባለው የቦስተን ነጋዴ በ1909 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአባቱ መደብር ምድር ቤት ውስጥ አንድ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ይኸውም በዕቃው ሁሉ ላይ የገባበት ቀን እንዲጻፍ፣ በ12 የሽያጭ ቀን ገዢ ያላገኘው ከዋጋው ሩብ እንዲቀነስለት፣ በ18 ቀን ግማሽ፣ በ24 ቀን ሦስት ሩብ እንዲቀነስለት፣ በ30 ቀንም ያልተሸጠው ለድኾች በነጻ እንዲሰጥ የሚል ነበረ። በዚህ ደንብ መሠረት ገዢው የሚሟገተው ከሻጩ ጋር መሆኑ ቀርቶ ከራሱ ጋር ሆነ፤ ቢጠብቅ ዋጋው ይቀንስለታል፣ ቢጠብቅ ደግሞ ሌላው ይቀድመዋል። ዛሬም በማጣሪያ መደብር ውስጥ የሚቆም ሰው የሚታገለው በዚሁ ሐሳብ ነው። በዚያው በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ ሂንግሃም በምትባል ከተማ፣ በ1964 በአሮጌ የመርከብ መሥሪያ ግቢ ውስጥ ቁጥሩ 19 በሆነ ሕንጻ የተከፈተና በሕንጻው ቁጥር የተጠራ ሌላ መደብር ደግሞ፣ ከእሳትና ከጎርፍ የተረፈውን፣ የከሰረውንም ነጋዴ ዕቃ እየሰበሰበ፣ የራሱን ሸቀጥ ነውር በማስታወቂያው ላይ በቀልድ እየገለጸ፣ ወደ አምሳ ዓመት ገደማ ኖሯል። እኔ ይህን ዐይነቱን ነጋዴ አደንቃለሁ፤ ነውሩን አስቀድሞ የሚናገር ሻጭ ከሚደብቀው ይልቅ ይታመናልና። ሆኖም የፋይሊን ምድር ቤት በ2011፣ ሕንጻ 19ም በ2013 ኪሳራ ደርሶባቸው ተዘግተዋል።

ዕቃ ወደ ማጣሪያ መደብር የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ ኪሳራ ነው፤ ነጋዴ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ንብረቱ በፍርድ ቤት ሥልጣን ሲጣራ፣ አበዳሪዎቹ የሚሹት ገንዘብ እንጂ ሴራሚክ ስላልሆነ፣ ዕቃው በፍጥነት ለሚያነሣው ይሰጣል። ሌላው የፋሽን መለወጥ ነው፤ ፋብሪካው የአንድን ቀለም ወይም ቅርጽ ሥራ ሲያቆም በየመጋዘኑ የቀረው ቦታ እንዲለቅ ብቻ ይሸጣል። ትልቅ ሆቴል ወይም የመኖሪያ ሕንጻ ሲሠራ ተቋራጩ እንዳያጥረው አብዝቶ ያዘዘው በርና ወለል ይተርፋል፤ ለአንድ ባለቤት በልክ የተሠራ ካቢኔት በአንድ ኢንች ስሕተት ሳይገባ ይቀራል፤ ከመርከብ ወደ መኪና ሲጫን ጥግ ጥጉ የተሰበረ ዕቃ የመድን ኩባንያው ከከፈለበት በኋላ እንደ ወደቀ ይሸጣል። በዚህ ዘመን ደግሞ እየበዛ የመጣው ገዢ ወስዶ የመለሰው ዕቃ ነው፤ ትልቁ መደብር የተመለሰውን ካርቶን ከፍቶ መመርመር፣ የጎደለውን ብሎን ማሟላትና እንደ ገና ማሸግ ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥ ድካም ስለሚሆንበት፣ ሳይከፍት በፓሌት እየጠቀለለ ለማጣሪያ ነጋዴዎች በጨረታ ያስተላልፈዋል።

እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ የሚያስብ ሰው ወዲያው የሚገነዘበው ነገር አለ። በኪሳራ፣ በፋሽን መለወጥና በትርፍ ትእዛዝ የመጣ ዕቃ ጉድለቱ በነጋዴው ሒሳብ ላይ እንጂ በራሱ ላይ ስላልሆነ ያለ ስጋት ይገዛል፤ በልክ ስሕተት የቀረው ለእኛ ቤት ልኩ ከሆነ ስሕተቱ በረከት ነው፤ የተሰበረውና የተመለሰው ግን ተከፍቶ፣ ተገልብጦ፣ ተቈጥሮ መታየት አለበት። እንግዲህ አስተዋይ ገዢ በዚህ ቤት ሻጩን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ነው ብሎ ሳይሆን ይህ ዕቃ ወደዚህ እንዴት መጣ ብሎ ነው። ሻጩ ቢያውቅ ይነግረዋል፤ ባያውቅ ደግሞ አለማወቁ ራሱ መልስ ነው።

ይህን አለመጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ላምበር ሊኩዊዴተርስ የተባለው የወለል እንጨት ኩባንያ ታሪክ ያስረዳል። ቶም ሰሊቫን የተባለ ተቋራጭ በ1994 በማሳቹሴትስ ስቶውተን ከተማ፣ ሌሎች ኩባንያዎች የተረፋቸውን የወለል ጣውላ እየገዛ ከአንድ የጭነት መኪና ግቢ በስተ ጀርባ በርካሽ መሸጥ ጀመረ፤ በ1996 የመጀመሪያውን መደብር ከፈተ፤ ሥራው ተስፋፍቶ በ2007 የኩባንያው አክሲዮን በኒው ዮርክ ገበያ ተሸጠ፤ መደብሮቹም በመላው አገር በመቶ የሚቈጠሩ ሆኑ። ይሁን እንጂ ትርፍ ዕቃ በጠባዩ የሚመጣው ሲመጣ ነው፤ ዛሬ አሥር ሺህ ካሬ ጫማ የኦክ ጣውላ ይገኝ እንደ ሆነ ነገ ምንም አይገኝም። በመቶ የሚቈጠር መደብር ያለው ኩባንያ ደግሞ በየቀኑ መደርደሪያውን መሙላት አለበትና፣ በስሙ የማጣሪያ ነጋዴ ቢሆንም በተግባሩ በቻይናና በሌላም አገር ላሉ ፋብሪካዎች በትእዛዝ የሚያሠራ መደበኛ ነጋዴ ሆነ። ገዢው ግን በስሙ ምክንያት የከሰረ ሰው ጥሩ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ያገኘ እየመሰለው፣ አስቀድሞ ርካሽ እንዲሆን ተብሎ የተሠራውን ይወስድ ነበረ።

በማርች 1 ቀን 2015 ሲክስቲ ሚኒትስ የተባለው የታወቀ የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ ኩባንያው ከቻይና ባመጣው የላሚኔት ወለል ውስጥ ፎርማልዴሃይድ የተባለው ኬሚካል የካሊፎርኒያ ሕግ ከሚፈቅደው በላይ መገኘቱን ገለጠ። ይህ ኬሚካል የእንጨት ዱቄቱን ጨምቆ በሚያያይዘው ማጣበቂያ ውስጥ ያለ ነው፤ ከወለሉ ጥቂት በጥቂት እየተነነ ዐይንና ጉሮሮን ይቈጠቍጣል፤ በብዛትና ለረዥም ዘመን የተነፈሰውንም ለካንሰር ሊያጋልጠው ይችላል። ኩባንያው በሜይ ወር ያን ሸቀጥ መሸጥ አቆመ። በዚያው ዓመት ደግሞ፣ የሳይቤሪያ ነብር በሚኖርበት በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ደን ውስጥ ያለ ሕግ ከተቈረጠ ዛፍ የተሠራ ወለል አስገብተሃል ተብሎ ተከስሶ በፌደራሉ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ፤ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይም ከፈለ። በ2020 የቀድሞ ስሙን ትቶ ኤል.ኤል. ፍሎሪንግ ተባለ፤ በኦገስት 2024ም የኪሳራ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አቀረበ። በሌላው ትርፍ ላይ የተመሠረተው ቤት በተራው ሊጣራ ሆነ ማለት ነው። ቀድሞ ተለይቶት የነበረው መሥራቹ ሰሊቫን በባለቤትነት በያዘው ኩባንያ አማካይነት ከመደብሮቹ 219ኙን ገዝቶ የጥንቱን ስም መለሰላቸው።

ከዚህ ጉዳይ በኋላ የሕጉ ነገር ጠንክሯል። በ2010 ጸድቆ በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የፌደራል ሕግ፣ ከተጨመቀ እንጨት የተሠራ ወለልም ሆነ ካቢኔት የፎርማልዴሃይዱ መጠን በደንቡ ልክ ለመሆኑ በዕቃው ወይም በካርቶኑ ላይ ቲ.ኤስ.ሲ.ኤ. ታይትል ስድስት የሚል ምልክት እንዲኖርበት ያዝዛል። በማጣሪያ መደብር ያለው ችግር ካርቶኑ ብዙ ጊዜ ተቀድዶ ወይም ጠፍቶ መገኘቱ ነው። ካርቶኑ የጠፋበትን የላሚኔት ወለል፣ ይልቁንም ሕፃን ለሚተኛበት ክፍል፣ በነጻም ቢሰጡኝ አልወስድም፤ ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራውን ጣውላና ሴራሚኩን ግን ያለ ካርቶንም ቢሆን እወስዳለሁ፤ እነዚህ የሚተንን ማጣበቂያ የላቸውምና።

ከነጋዴዎቹ ሌላ በበጎ አድራጎት የሚተዳደሩ መደብሮችም አሉ፤ እኔ ለጀማሪ የምመርጠው እነዚህን ነው። በ1976 ተመሥርቶ ለድኻ ቤተ ሰቦች ቤት የሚሠራው ሀቢታት ፎር ሂውማኒቲ የተባለው ማኅበር፣ ሪስቶር የሚባሉ መደብሮች አሉት፤ የመጀመሪያው በ1991 በካናዳ ዊኒፔግ፣ በአሜሪካ ደግሞ በ1992 በቴክሳስ ኦስቲን ተከፈተ። ቤቱን ያደሰ ባለጸጋ ገና ዐሥር ዓመት ያላገለገለ ካቢኔቱን፣ ተቋራጩ የተረፈውን መስኮት፣ ሱቁም ያልተሸጠለትን መብራት ለእነዚህ ይሰጣል፤ ሰጪው በግብሩ ላይ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል፣ ገዢው በርካሽ ይገዛል፣ ከሽያጩ የሚገኘውም ለቤት መሥሪያ ይውላል። ዕቃው በምጽዋት የተገኘ ስለ ሆነ ሻጩ የሚደብቀው ነገር የለውም፤ እንደዚሁም በሥራው ላይ የሚገኙት ብዙዎቹ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ አዛውንት ናቸውና፣ ጡረታ የወጣ አናጢ ወይም የቧንቧ ሠራተኛ አግኝቶ መጠየቅ ከዕቃው በላይ ይጠቅማል። በዋሺንግተን አካባቢ ላለ ሰው ደግሞ በሜሪላንድ ኤድመንስተን በ2005 የተከፈተው ኮሚዩኒቲ ፎርክሊፍት ቅርብ ነው፤ በባልቲሞር ያለው ሰከንድ ቻንስ የተባለው ድርጅት ቤት በመዶሻ ከማፍረስ ይልቅ በሩን፣ ጣውላውንና ጡቡን አንድ በአንድ እየነቀለ ያወጣል፤ ሥራ ላጡ ሰዎችም ሙያውን ያስተምራል።

ወደ አገዛዙ ሥርዐት እንመለስ። በተለመደው እድሳት ባለቤቱ አስቀድሞ የሚፈልገውን ይስላል፣ ከዚያ በኋላ ሥዕሉን የሚመስል ዕቃ ይፈልጋል፤ በማጣሪያ መደብር ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ አስቀድሞ ዕቃው ይገኛል፣ ሐሳቡም በዕቃው ልክ ይቀረጻል። ግትር ሆኖ ይህ ቀለም ካልሆነ የሚል ሰው ከዚህ ቤት ባዶ እጁን ይወጣል። የማይለወጠው አንድ ነገር ግን የቤቱ ልክ ነው፤ ስለዚህ ገዢው የየክፍሉን ርዝመትና ስፋት፣ የመስኮቱንና የበሩን ክፍት ቦታ፣ የዕቃ ማጠቢያውን ጥልቀት በአንድ ደብተር ጽፎ ከነሜትሩ ይዞ መሄድ አለበት። በር ሲሆን ቁመቱና ወርዱ ብቻ አይበቃም፤ ማጠፊያው በቀኝ ነው ወይስ በግራ፣ ከነመቃኑ ነው ወይስ መዝጊያው ብቻ የሚለውም መጻፍ አለበት፤ መቃን የሌለው በር በርካሽ ተገዝቶ የአናጢውን የሁለት ቀን ደመወዝ ሲበላ ብዙ ጊዜ ይታያል። የሽንት ቤት መቀመጫ ሲሆን ደግሞ ከግድግዳው እስከ ፍሳሹ ቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት ይለካል፤ ይህ በአብዛኛው ቤት 12 ኢንች ነው፤ በአሮጌ ቤቶች ግን 10 ወይም 14 ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይለካ የተገዛው ከግድግዳው ጋር ሊጋጭ ይችላል።

የሴራሚክ ነገር ለብቻው የሚነገርለት ነው፤ በዚህ ገበያ ከሁሉ የሚያተርፈው እርሱ ነው፤ ከሁሉ የሚያሳስተውም እርሱ ነው። ርዝመቱ 15 ጫማ፣ ወርዱ 12 ጫማ የሆነ ክፍል ስፋቱ 180 ካሬ ጫማ ነው፤ ሲቈረጥና ሲሰበር ለሚባክነው ከመቶ ዐሥር እጅ ሲጨመር 198 ይሆናል፤ አንዱ ካርቶን 20 ካሬ ጫማ የሚሸፍን ከሆነ ዐሥር ካርቶን ያስፈልጋል ማለት ነው። ሴራሚኩ በሰያፍ የሚነጠፍ ከሆነ ብክነቱ ይበዛልና ዐሥራ አምስት እጅ መጨመር ይሻላል። እንግዲህ በመደብሩ ውስጥ እጅግ ያማረ ሴራሚክ ዘጠኝ ካርቶን ብቻ ቢገኝ፣ ነገሩ ለዘጠና ከመቶ የበቃ ቢመስልም በውነቱ ለምንም አይበቃም፤ በትልቁ መደብር የጎደለው አንድ ካርቶን ነገ ይታዘዛል፤ እዚህ ግን ሥራው የቆመ ሸቀጥ ስለ ሆነ ዐሥረኛው ካርቶን በዓለም ላይ ላይኖር ይችላል። ብልህ ሰው ያን ዘጠኝ ካርቶን ለትንሹ ክፍል ያውለዋል ወይም ይተወዋል። ዐሥሩም ቢገኙ ደግሞ በየካርቶኑ ላይ የታተመው የምርት ዙር ቁጥር አንድ መሆኑ መታየት አለበት፤ ዙሩ የተለያየ እንደ ሆነ አንዱ ከሌላው በቀለሙ ደመቅ ወይም ፈዘዝ፣ በመጠኑም በጥቂት ያነሰ ወይም የበለጠ ይሆናልና፣ ይህ ልዩነት በመደብሩ መብራት ሳይታወቅ ቀርቶ ወለሉ ተነጥፎ የቀን ብርሃን ሲመታው ይጋለጣል። ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን ሴራሚክ መሸጥ አይገባም፤ ከዓመታት በኋላ አንዱ ቢሰነጠቅ ምትክ የሚገኘው ከዚያ ብቻ ነው።

እነሆ ደግሞ ዋጋው ምንም ቢረክስ የማይገዙ ነገሮች። ከ1994 በፊት የተሠራ የሽንት ቤት መቀመጫ አይገዛም፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በአንድ ማፍሰሻ ከ1.6 ጋሎን ውሃ እንዳያልፍ በሕግ የተወሰነ ሲሆን የቀድሞው ከዚያ ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚያፈስስ፣ በመደብሩ የተረፈው ገንዘብ በውሃ ሒሳብ ተመልሶ ይሄዳል። የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት አሮጌ ቧንቧም አይገዛም፤ ከ2014 ጀምሮ የተሠራው ውሃ በሚነካው ክፍሉ ያለው እርሳስ ከመቶ ከ0.25 እንዳይበልጥ ታዝዟል፤ የቀድሞው ግን እስከ ስምንት ከመቶ ይፈቀድለት ነበረ። ከ1978 በፊት ከተሠራ ቤት የወጣ ቀለም የተቀባ በር ውበቱ የሚማርክ ቢሆንም፣ በቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ መጨመር የተከለከለው በዚያ ዓመት ነውና፣ ቀለሙን መፋቅ ለሕፃናት አደገኛ የሆነ ትቢያ ያስነሣል። አንድ መስታወት ብቻ ያለው መስኮት፣ የኤሌክትሪክ ብሬከርና ያገለገለ ቦይለር ለሌላ ሰው ይተው። አዲስ የመብራት ዕቃ ሲሆን ለደኅንነቱ መመርመሩን የሚያሳየው የዩ.ኤል. ምልክት ይፈለግበታል። የሴራሚክ ማጣበቂያ ሲሚንቶ በከረጢት ሆኖ ብዙ ወራት ከቆየ እርጥበት ስቦ ይደነድናል፤ ሲሊኮኑም የተጻፈበት ቀን ያልፍበታል፤ እነዚህ ከጠቅላላው ወጪ ኢምንት ስለ ሆኑ ከመደበኛው ሱቅ በአዲስነታቸው መግዛት ይገባል።

በእነዚህ መደብሮችና ሱቃችንን ልንዘጋ ነው ብለው በሚለፍፉት መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅም ያስፈልጋል። ትልቅ መደብር ከስሮ ሲዘጋ ሽያጩን የሚያካሂዱት ብዙውን ጊዜ የራሱ ባለቤቶች አይደሉም፤ ለዚሁ ሙያ የተቋቋሙ ኩባንያዎች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ጎርደን ብራዘርስ በ1903 በቦስተን የተመሠረተ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ናቸውና ቅናሹን በደረጃ ያወርዱታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚለጠፈው የሠላሳ ከመቶ ቅናሽ የሚሰላው መደብሩ ከመክሰሩ በፊት ይሸጥበት ከነበረው ሳይሆን ከሙሉው የመነሻ ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ ከመደብሩ ዕቃ ጋርም ለዚሁ ሽያጭ ተብሎ ከሌላ የመጣ ሸቀጥ ይቀላቀላል። የተሸጠውም አይመለስም፤ ዋስትናውን የሚያከብር ኩባንያ ነገ ላይኖር ይችላል። በበሩ ላይ የተሰቀለው ትልቅ ጨርቅ የሚያስቸኵለውን ሰው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው የአባቶች ቃል ይመለከተዋል፤ በዚያ ቦታ ዋጋውን በሌላ መደብር ካለው ጋር ሳያስተያዩ መግዛት ከንቱ ነው።

በአገራችን ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ በርና መስኮት፣ ብረትና ቆርቆሮ፣ የተጣለ የሚመስል ነገር ሁሉ ተፈትቶና ተቃንቶ ለሁለተኛ ሕይወት የሚበቃበት ገበያ ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ባንኮችና የጉምሩክ መሥሪያ ቤትም የያዙትን ንብረት በሐራጅ ይሸጣሉ። ከድሮ ቤት የወጣ የጥድ ወይም የዝግባ መዝጊያ ዛሬ በአዲስነቱ ከሚሸጠው ከተጨመቀ እንጨት በር በብዙ ይበልጣል፤ ይህን የሚያውቁ አናጢዎች ለደንበኛቸው ሳይሆን ለራሳቸው ቤት የሚገዙት እርሱን ነው። ልዩነቱ በምናለሽ ተራ ምልክትም ደረሰኝም ስለማይገኝ፣ ገዢው በገዛ ዐይኑና ይዞት በሄደው ባለሙያ መታመን ይኖርበታል፤ በአሜሪካው ግን የተጻፈ ምልክት አለ፣ የዋጋ ክርክር ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ፈጽሞ የለም አልልም፤ ብዙ ወር የቆመ ካቢኔት አጠገብ ቆሞ ሙሉውን አነሣለሁ፣ ዛሬም በመኪና አወጣዋለሁ የሚል ሰው ለኀላፊው ከሚከፍለው ገንዘብ በተጨማሪ ባዶ ቦታ እያቀረበለት ስለ ሆነ፣ ዋጋ ሲቀንስለት አይቻለሁ።

ብዙ ቤተ ሰቦች ከማይገምቱት ነገር አንዱ ዕቃውን የሚያስቀምጡበት ቦታ ነው። ካቢኔቱ በመጋቢት፣ ሴራሚኩ በሰኔ፣ በሩ በመስከረም የሚገኝ ከሆነ፣ ሁሉም እስኪሟላ ድረስ ጋራዡ ወይም ምድር ቤቱ ይሞላል፤ ይህ የሌለው ሰው መጋዘን ቢከራይ ያተረፈውን በኪራይ ይጨርሰዋል። ወጥ የእንጨት ወለል ደግሞ እርጥብ ምድር ቤት ውስጥ ከከረመ ይጣመማል፤ ከመነጠፉም በፊት ጥቂት ቀን በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ሊያርፍ ይገባል።

ሌላው ሠራተኛው ነው። ተቋራጮች ብዙዎቹ ዕቃውን ራሳቸው ገዝተው በላዩ ትርፍ ስለሚይዙ፣ ባለቤቱ ከማጣሪያ መደብር ያመጣውን እንዲገጥሙለት ሲጠይቃቸው ወይ የእጅ ዋጋቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ወይ ለዕቃው ዋስትና አንሰጥም ይላሉ፤ ይህም ያለ ፍርድ አይደለም፤ ሴራሚኩ በካርቶኑ ውስጥ ተሰነጣጥቆ ቢገኝ ሠራተኛው ቆሞ የሚጠብቅበትን ቀን የሚከፍለው ማን ነው? ስለዚህ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ከሠራተኛው ጋር በጽሑፍ መዋዋል ይገባል፤ ለዕቃው ጉድለት ባለቤቱ፣ ለአገጣጠሙ ጉድለት ሠራተኛው እንዲጠየቅ፣ ዕቃው ጎድሎ ሥራው ቢቆም የቀኑ ሒሳብ ስንት እንደ ሆነ፣ የተበላሸውንም የሚያነሣው ማን እንደ ሆነ በውሉ ይገባል። ከመደብሩ የተገኘውን ቅናሽ ከሠራተኛው ጭማሪ ጋር አስተያይቶ የሚቀረው ጥቂት ሆኖ ከተገኘ፣ ያን አንዱን ዕቃ ሠራተኛው ራሱ እንዲያመጣ መተው ይሻላል፤ በካቢኔቱ፣ በሴራሚኩና በበሩ ላይ ግን የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት አይደለም።